የእምቢተኝነትና የተቃውሞ ጠባይ መታወክ

በልጅነት ወይም በጉርምስና መባቻ የሚጀምር የአእምሮ ጤና ችግር ሲሆን፣ ተደጋጋሚ ቁጣ፣ ከወላጅና ከመምህር ጋር እሰጥ አገባ እንዲሁም ቂም በቀል ይታይበታል። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ የተካተተው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። የ2013ቱ እትም ከ8 ምልክቶች ቢያንስ 4ቱ ለ6 ወራት፣ ያውም ከወንድም ወይም ከእኅት ውጭ ካለ ሰው ጋር ጭምር እንዲታዩ ይጠይቃል። መስፈርቱ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ የሁለት ዓመት ሕፃን መንፈራገጥም ሆነ የጎረምሳ ሙግት የዕድገት አካል ነውና።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን የቤት ውስጡን ዑደት እንዲህ አሳይቷል፦ ወላጅ ያዛል፣ ልጅ ይጮኻል፣ ወላጅ ለሰላም ሲል ትእዛዙን ይተዋል፤ ልጁም መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራል። ሌላ ቀን ወላጁ ራሱ ሲጮህ ልጁ ይታዘዛል፤ ወላጁም ያንኑ ይማራል። ስለዚህ ልጁን «ባለጌ»፣ ወላጆቹን «ያላሳደጉ» ብሎ መፈረጅ ሁለቱንም መበደል ነው። ብዙዎቹ ልጆች የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግርም ስላለባቸው ምርመራው ይህንንም ማየት አለበት።

ዋናው ሕክምና የወላጆች ሥልጠና ነው፦ መልካሙን ጠባይ ወዲያው ማመስገን፣ አጭርና ግልጽ ትእዛዝ መስጠት፣ የተነገረውን ቅጣት ያለ ቁጣ መፈጸም። ዱላ ግን ችግሩን ያባብሳል፤ ወላጆች ከዱላው በፊት ባለሙያ ያማክሩ።