የማን ልጅ ነህ?

አሜሪካ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ የዐፅምና የጠንቋይ መልክ ለብሰው በሌሊት በየደጁ ሊዞሩ ነው፤ የሰባት ዓመቱ ልጄም ካልሄድሁ ብሎ ያለቅሳል፤ ክርስቲያን እናት ምን ትበለው?» ስትል ጠየቀችኝ። በአንድ ቃል ልመልስላት አልቻልሁም፤ እርስዋም እኔም ያደግነው በሐይቅ ዳር ስለሆነ፣ ልጅ በጨለማ ከደጅ ወደ ደጅ መዞሩ ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አስታውሼ፣ የሁለቱን ልማድ ታሪክ ጎን ለጎን አድርጌ ልጽፍላት ቃል ገባሁ።

የአሜሪካ ልጆች የሚዞሩበት የዚያ ሌሊት ስም ሃሎዊን ነው፤ ትርጓሜውም የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 3ኛ በ8ኛው መቶ ዘመን በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ የሚሆን ጸሎት ቤት አቆመ፤ በዓሉም ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ክርስቲያን ዘንድ በኖቬምበር 1 ቀን ጸና። በዚያው ወራት ደግሞ የአየርላንድና የስኮትላንድ ሕዝብ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ጀምሮ ሳምሄን የሚባል የብርድ ወራት መግቢያ በዓል ነበረው፤ በዚያ ሌሊት መናፍስት ወደ ሕያዋን መንደር ይመጣሉ ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ የሕዝቡ ፍርሃትና የቤተ ክርስቲያን ዋዜማ በአንድ ሌሊት ተገናኙ። በእንግሊዝ አገር ድኆችና ሕፃናት በየቤቱ እየዞሩ የነፍስ ዳቦ የተባለውን ትንሽ እንጎቻ ይቀበሉና ለቤቱ ሙታን ይጸልዩ ነበር፤ ተዝካርን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ቢሰማ ነገሩ የዘመዱ ልማድ መስሎ ይታየዋል። ከ1845 ጀምሮ በድንች መበስበስ ምክንያት በአየርላንድ ረኃብ በጸና ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በአገሩ ሥራ ሥር ፈልፍሎ መብራት ያበራ የነበረውም ሰው በዚያ ያገኘውን ዱባ ይፈለፍል ጀመር። ጸሎቱ ግን በመንገድ ቀረ። በ20ኛው መቶ ዘመን ልጆቹ በደጃፍ የሚናገሩት ቃል ጣፋጭ ስጡን፣ አለዚያ ተንኮል እንሠራባችኋለን የሚል ዛቻ ሆነ፤ ዛቻው ለጨዋታ መሆኑን ሁሉ ቢያውቅም፣ ዳቦውን ከጸሎት ጋራ አስተሳስሮት የነበረው ክር የተበጠሰው በዚህ ይመስለኛል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የሐይቅ ሰው ፍርሃትን አያውቅም አልልም፤ የአገሩ ትውፊት ራሱ ክርስትና ሳይገባ በፊት በባሕሩ ዳር ዘንዶ ይመለክ እንደነበር ይተርካል፤ እኛም በልጅነታችን ሲመሽ ወደ ውሃው ዳር እንዳንወርድ በዚያ ዘንዶ ስም ሲያስፈራሩን አድገናል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምሮና መንኵሶ፣ ያን ጊዜ ደሴት ወደ ነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብሱ ጋራ ወደ ተያያዘው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በመጣ ጊዜ፣ ዘንዶው በተፈራበት ውሃ መካከል የቆመው ገዳም የመጻሕፍትና የተማሪ ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ተምረዋል፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጠው አራቱ ወንጌልም ሰባት መቶ ዓመት አልፎት እስከ ዘመናችን ደርሷል።

እናቴ ሴት በመሆንዋ የገዳሙን ደጅ ከቶ አላለፈችም፤ ነገር ግን ትምህርቱ በተማሪ እግር ወደ እርስዋ ደጅ ይመጣ ነበር። የቆሎ ተማሪው ከእኔ በዕድሜ ብዙ የማይበልጥ ልጅ ሆኖ፣ የበግ ለምድ ደርቦ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቦ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከአጥሩ ሥር ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ይጮኻል፤ እኔ በለምዱ ደንግጬ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ እገባለሁ። እርስዋ ግን ኩርማኑን እንጀራ በእጅዋ ይዛ ሳትሰጠው በፊት፣ «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ትለዋለች። እርሱም የአባቱንና የአገሩን ስም በነገራት ጊዜ ለምድ የለበሰው አስፈሪ ነገር ልጅ ይሆንልኛል፤ ከእናቱ የራቀ፣ እግሩ የተሰነጣጠቀ ልጅ።

የቡሄ ነገር ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ጌታችን በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን በገለጸ ጊዜ፣ በተራራው አጠገብ የነበሩት እረኞች ብርሃኑን አይተው መንጋቸውን ሲጠብቁ ስለመሸባቸው፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ እየተባለ በትውፊት ይነገራል። ስለዚህ በነሐሴ 12 ማታ ችቦ ይበራል፤ ከልጥ የተገመደው ጅራፍ ሲጮኽ የነጐድጓድ ድምፅ፣ እርሱም ደቀ መዛሙርቱን ያስደነገጠው የአብ ቃል ምሳሌ ነው ይባላል፤ ሙልሙሉም የእነዚያ ወላጆች ዳቦ ነው። እናቴ የስንዴውን ሊጥ በእጅዋ እያድበለበለች በምጣዱ ላይ ስትደረድር፣ ለቤት ልጅ አንድ፣ ለጎረቤት ልጅ አንድ፣ ለማይታወቀውም አንድ እያለች ትቈጥር ነበር። ሆያ ሆዬ ባዮቹ ልጆች በዱላቸው መሬት እየመቱ ይገባሉ፤ ባለቤቱን ያወድሳሉ፣ ሙልሙሉን ይቀበላሉ፣ ቤቱ ከዓመት ዓመት እንዲደርስ መርቀው ይወጣሉ።

እንግዲህ የሁለቱን ልማድ ልዩነት በሌሊቱ፣ በእሳቱ ወይም በዳቦው የሚፈልግ ወላጅ የሚያገኘው አይመስለኝም፤ በሁለቱም ጨለማ አለ፣ በሁለቱም ብርሃን አለ፣ በሁለቱም ልጅ ደጅ ቆሞ ይለምናል። የእኛ ልጅ ግን ፊቱን ገልጦ ይቆማል፤ ስሙን ይጠየቃል፤ የተቀበለውንም በምርቃት ይከፍላል። የዚያኛው ልጅ ከመናፍስት ለመሰወር ተጀመረ በሚባል ልማድ ፊቱን ሸፍኖ ይመጣል፤ ማንነቱን የሚጠይቀው ሰው ከሌለም እንደተሸፈነ ይሄዳል። የእኅቴ ልጅ ልጅዋን በክፍል ውስጥ ዘግታ አጋንንት በውጭ ናቸው ብትለው፣ እኔን በዘንዶው እንዳስፈራሩኝ ታስፈራራዋለች እንጂ ሌሊቱን አታስተምረውም፤ እንዲያው ብትለቀውም ሞትን መሳለቂያ ማድረግ ክርስቲያናዊ አይደለምና እኔ አልወድላትም። ይልቁንስ የደብረ ታቦር እረኞች ወላጆች ችቦ ይዘው ልጆቻቸው ወዳሉበት ጨለማ እንደወጡ፣ እርስዋም ከልጅዋ ጋራ እንድትወጣ ጻፍሁላት። በእኛም ቍጥር ያ ሌሊት በአብዛኛው ጥቅምት 21፣ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ላይ እንደሚውል ጨምሬ ነገርኋት፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የተማሪውን ቃል ለልጅዋ ብትነግረው ከዚያ የተሻለ ቀን አታገኝምና።

ከሳምንት በኋላ ደወለች። ሻማ አብርተው በደጃፋቸው ቆመው እንዳመሹ፣ ልጅዋም ያለ ጭምብል፣ ጣፋጩን በሰፌድ ይዞ፣ ለሚመጣው ልጅ ሁሉ ሳይሰጥ በፊት ስሙን ይጠይቅ እንደነበር አጫወተችኝ። አንድ የዐፅም ልብስ የለበሰ ትንሽ ልጅ ስሙን ሲጠየቅ፣ ለመመለስ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገው አለችኝ።