በሁለቱ ወንበሮች መካከል

ስለ ዕደ ጥበብ ታሪክ በተወሳ ቁጥር በቅድሚያ የሚነሡት ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አንጥረኛውና ቆዳ ፋቂው ናቸው። እንደ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ ባሉ የባህል መድረኮችም ልማዱ ይኸው ነው። ከአዳራሹ ደጃፍ ውጭ በየጋራዡ የሚሠራው የእጅ ሥራ ግን በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያስቆጠረ ሆኖ ሳለ እንደ ጥበብ ተቆጥሮ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ከዚሁ ሥራ አንዱ ክፍል፣ በነጂውና ከጎኑ በተቀመጠው ሰው መካከል ያለውን ቦታ እንደ ዘመኑ አድርጎ ማደስ ነው። ስፍራው ከክንድ ስፋት አይበልጥም። ይሁን እንጂ አንዲት አሮጌ መኪና በባለቤቷ እጅ ስትታደስ ምን እንደሚተርፍላትና ምን እንደሚጠፋባት ከሌላው አካሏ ይልቅ በዚህ ስፍራ ጎልቶ ይታያል።

ወደ አዲስ አበባ ከገቡት ቀዳሚ አውቶሞቢሎች አንዷ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ዎልስሊ ሲድሊ ነበረች። በዚያን ዘመን በተሠሩት የእንግሊዝ መኪናዎች የማርሹና የእጅ ፍሬኑ ዘንጎች በአብዛኛው በነጂው ቀኝ፣ በመኪናዋ ጠርዝ ላይ የቆሙ ነበሩ። በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል የሚነካም ሆነ የሚጎተት ነገር አልነበረም። ኋላ ግን መኪናዎች እየዘቀዘቁ ሲሄዱ፣ ከፊተኛው ሞተር ተነሥቶ የኋላ እግሮችን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ ከወለሉ በታች መደበቂያ አጣ። በመሆኑም ወለሉ በመሃል አብጦ እንደ ጀርባ አጥንት ጉብ ያለ ቅርጽ ያዘ። ይህ ጉብታ ይበልጥ ከፍ ያለው ለመሬት እጅግ በቀረቡት የስፖርት መኪናዎች ላይ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ነጂው እግሩን ዘርግቶ በመሬት ላይ የተቀመጠ ያህል ስለሚቀመጥ፣ ጉብታው እስከ ክርኑ ይደርሳል።

ዛሬ ኮንሶል እየተባለ የሚጠራው የመሃል ሣጥን የተወለደው ከዚሁ ነው፤ ይኸውም ከውበት ፍላጎት ሳይሆን አንድ የማይመች ጉብታን ለመሸፈን ከመጣ ችግር ነው። ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣት ተንደርበርድ መኪና ላይ መሐንዲሶቹ ከፍተኛውን ጉብታ ማጥፋት ቢያቅታቸው ሸፈኑትና የሲጋራ መተርኮሻውን፣ የመስታወት መክፈቻውንና የሬዲዮውን ድምፅ ማጉያ በላዩ አሰፈሩበት። እንግሊዛዊቷ ጃጓር ኢ ታይፕም እ.ኤ.አ. በ1961 ስትወጣ መሃሏን በሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም አስጊጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሃል ሣጥን የሌላት የስፖርት መኪና ያልተጨረሰች እየመሰለች መታየት ጀመረች። ችግርን ለመሸፈን የተፈጠረው ነገር የክብር ምልክት ሆነ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የስፖርት መኪና የሚባለው ዐይነት ጥቂት ሰዎች ብቻ የነዱት ነው። ነገር ግን የእነዚህ መኪናዎች የቅርብ ዘመዶች ጎዳናውን ሞልተውት ኖረዋል። የአዲስ አበባ ሰው በሰማያዊና ነጭ ቀለሟ ለብዙ ዓመታት የተሳፈረባት ላዳ ታክሲ የተቀዳችው እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣችው ፊያት 124 ሲሆን፣ ከዚያችው መኪና ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር የተባለችው ክፍት የስፖርት መኪና ተገኝታለች። ይበልጥ የሚደንቀው ግን የቮልስዋገን፣ በሕዝቡ አጠራር የቮልስ፣ ዝምድና ነው። ፌሪ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1948 በስሙ የሚጠራውን የመጀመሪያ የስፖርት መኪና፣ ፖርሽ 356ን፣ ያቆመው ከቮልስዋገን በተወሰዱ አካላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ካርማን ጊያም ውብ ልብስ የለበሰች ቮልስ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ የቮልስን መሃል የሚያድስ የአዲስ አበባ ባለሙያና የፖርሽ 356ን መሃል የሚያድስ የአውሮፓ ባለሙያ የሚገጥማቸው አጥንት በመሠረቱ አንድ ነው።

ቮልስ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥም የራሷ ገጽ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ በቤተ መንግሥቱ የተሰለፉት ታላላቅ አውቶሞቢሎች ቀርተው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። መኪናዋ ባለ ሁለት በር በመሆኗ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር እስኪታጠፍለት ቆሞ መጠበቅና ጎንበስ ብሎ መግባት ግድ ይሆንበታል። የዚያን ቀን ትርጉም ከተነገረው ዐዋጅ ባላነሰ በዚህች የወንበር አቀማመጥ ውስጥ ይነበባል። የመኪና ውስጠኛ ክፍል የታሪክ ማስረጃ ሊሆን አይችልም የሚል ቢኖር ይህን ያስታውስ።

የቮልስ መሃል ከሌሎቹ የሚለይበት ምክንያት አለ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ በመሃሏ የሚሽከረከር ዘንግ የለም። ሆኖም ወለሏን ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት የሚከፍል ባዶ መሳይ የብረት ቦይ አለ። ባዶ መሳይ መባሉ አለምክንያት አይደለም፤ የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑ፣ የነዳጅ መስጫውና የእጅ ፍሬኑ የሽቦ ገመዶች፣ እንዲሁም የማሞቂያው ገመዶች በዚሁ ውስጥ ያልፋሉ። ከሁሉም በላይ በፊት በኩል ካለው ሰልባትዮ ወደ ኋላው ሞተር ነዳጅ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ መንገዱ በዚሁ ነው።

እንግዲህ የመሃል ሣጥን ለመግጠም የመጣ ሰው መሰርሰሪያውን አንሥቶ ይህን ቦይ በስቶ ብሎን ሲያስገባ ምን ሊያገኘው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ብሎኑ ገመዱን ቢነካው በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሰማም፤ ገመዱ ግን እየተፋተገ ሰንብቶ አንድ ቀን ዳገት ላይ ይበጠሳል። ቱቦውን ቢነካው ደግሞ የነዳጁ ሽታ ከወንበሩ ሥር ይመጣል። ሌላም ስውር ነገር አለ። የቮልስ የኋላ ማርሽ የሚገባው ዘንጉ ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራና ወደ ኋላ ሲሳብ ነው። ሣጥኑ ከፍ ተደርጎ ከተሠራና የማርሹን እንቅስቃሴ ከከለከለ፣ ባለቤቱ ባማረች መኪናው ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ችግር እያለ ለምን ይታደሳል ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ መኪናዋ የሙዚየም ዕቃ ሳትሆን በየቀኑ የሚሠራባት ስለሆነች ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ካሴት ሸክላን እየተካ ሲመጣ ነጂው ካሴት ማጫወቻ ፈለገ። ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ የስልክ ማስቀመጫና ባትሪ መሙያ ፈለገ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ በብዛት የታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደግሞ በመሃላቸው ሰሌዳ የሚያክል ብርሃናማ መስኮት ይዘው መጡ። ያረጀች መኪና ያለውም ሰው ይህንኑ ተመኘ፤ ምኞቱም የሚያስነቅፈው አይደለም። መኪና እንደ ልብ በማይለወጥበት አገር አሮጌውን ማደስ ቅንጦት ሳይሆን የኑሮ ዘዴ ነው።

ነገር ግን ምኞትና ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ አይስማሙም። ከቀድሞዎቹ ቮልሶች ብዙዎቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ዛሬ የሚገጠሙት ዕቃዎች የሚፈልጉት 12 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልቷም ብትሆን ዲናሞዋ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር የሚያመነጨው ኃይል ትንሽ ነው። በመኪና ብዛት በተጨናነቀ መንገድ፣ በክረምት ምሽት፣ የፊት መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው እየሠሩ ሳለ ትልቅ መስኮት ሲጨመርበት ባትሪው መድከም ይጀምራል። ባትሪው የሚገኘውም ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ መሃል ሣጥኑ የሚዘረጋው ሽቦ ረጅም ነው። ይህ ሽቦ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ካልተደረገለት፣ በወንበር ሐዲድ ተላጭቶ ብረት የነካ ዕለት የሚያቆመው የለም። ብዙ ሰው የሚያየው የሣጥኑን ቆዳና ስፌት ነው፤ የሥራው ደረጃ የሚለየው ግን በዚህች ዐይን በማታያት ፊውዝ ነው።

ከሙያው የተማሩ እጆች የሚሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። መጀመሪያ በካርቶን ልክ ይወስዳሉ፤ ማርሹን በየቦታው አስገብተው፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጫፍ ስበው፣ ወንበሮቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራተው ክፍተቱን ያያሉ። ከዚያ በእንጨት ወይም በላሜራ የተሠራውን ሣጥን በቦዩ ላይ እንደ ኮርቻ ያስቀምጡታል። ኮርቻ በበቅሎ ጀርባ ላይ የሚጸናው የጀርባዋን ቅርጽ ተከትሎ ስለተሠራና በጠፍር ስለታሰረ ነው፤ በምስማር የሚቸነክረው የለም። ሣጥኑም እንዲሁ ከግራና ከቀኝ በወንበሮቹ ተደግፎ፣ ከሥር ስሜት ወይም ጎማ ተነጥፎለት፣ አንዲት ቀዳዳ ሳይበሳ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሲፈልግ በደቂቃዎች ውስጥ አንሥቶ የቀድሞዋን ቮልስ ያገኛታል።

ጋራዡ በልማድ የደረሰበት ይህ ሥርዓት በዓለም አቀፍ ደረጃም የታወቀ ነው። የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር፣ በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ የሚደረግ ለውጥ ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችልና በጽሑፍ የተመዘገበ እንዲሆን ይመክራል። ቻርተሩ መነሻ ያደረገው የሕንፃ ቅርሶችን የሚመለከተውን የ1964 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቻርተር ነው። የዚህ ሐሳብ ፍሬ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በቅን ልብ የተቀባው ሬንጅና ቀይ ቀለም ኋላ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በመራው ጥገና እንዲነሣ ሲደረግ የታየው የዚሁ ጥያቄ ትልቁ ገጽታ ነበር። መኪናን ከላሊበላ ጋር ማነጻጸር ለአንዳንዱ ድፍረት ይመስለው ይሆናል። ሆኖም ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት መሆኑን መሠረት አድርጓል፤ ዕቃው ከድንጋይ ወይም ከላሜራ ይሠራ ብሎ አልለየም።

እስካሁን በጥንቃቄ የተያዙት መኪናዎች የታላላቅ ሰዎች ናቸው። ታድሶ ለጎብኚ በተከፈተው የብሔራዊ ቤተ መንግሥት የሚታዩት የንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢሎች ለዚህ ምስክር ናቸው። የመምህሩ፣ የሐኪሙ፣ የነጋዴው ቮልስና የታክሲ ነጂው ላዳ ግን ውስጣቸው እየተቆረጠና እየተበሳ ሲያልቅ መዝግቦ የሚያስቀር አካል የለም። በላዳዋ መሃል ታክሲ ነጂው ለዝርዝር ሳንቲም የሠራት ትንሽ ሣጥን፣ በቮልሷ ቦይ ላይ የተሰፋው የቆዳ ኪስ የማን እጅ ሥራ እንደሆኑ ሳይታወቅ ከአሮጌ ብረት ጋር ይጣላሉ። እነዚህም የአንድ ዘመን ዕደ ጥበብ ናሙናዎች ነበሩ።

በሐዋሳ ሰፊ ጎዳናዎች የሚመላለሰው ባጃጅ በመሠረቱ መሃል የለውም፤ ነጂው ብቻውን በመሃል ተቀምጦ እንደ ሞተር ብስክሌት በእጀታ ነው የሚመራው። ሆኖም ወጣቱ ነጂ ከፊቱ ያለችውን ጠባብ ስፍራ በሰው ሠራሽ አበባ፣ በዘርፍ፣ በሥዕልና በትንሽ ድምፅ ማጉያ አስጊጦ የራሱ ያደርጋታል። ባጃጁ የሌላ ሰው ንብረት ከሆነ ደግሞ ጌጡን በክርና በማጣበቂያ ብቻ ያያይዘዋል፤ ሥራውን በለቀቀ ዕለት ፈትቶና ልጦ ወደሚቀጥለው ባጃጅ ይዞት ይሄዳል።