የእንቅስቃሴ ሕግ ታሪክና ለፊዚክስ ትምህርት አሰጣጥ ያለው ፋይዳ

በደልዳላ ሜዳ ላይ የምትንከባለል ኳስ ቀስ በቀስ የምትቆመው ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ «የተመታችበት ኃይል ስላለቀ ነው» ብሎ የሚመልስ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ ይገኛል። መልሱ በመማሪያ መጽሐፉ ሚዛን ሲመዘን ስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም ተሰርዞ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የፊዚክስን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመረመረ ሰው፣ ይህ አሳብ ታላላቅ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት የተከራከሩበት እንጂ ከተማሪው ስንፍና የመነጨ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የክርክሩን ሂደት በአጭሩ ገልጾ፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች ያለውን ፋይዳ ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ መነሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ነው። በእርሱ ትምህርት መሠረት ከባድ ነገር ወደ ታች፣ እሳት ደግሞ ወደ ላይ የሚሄደው በተፈጥሮው ነው። ከዚህ ውጭ ያለ የግዑዝ ነገር እንቅስቃሴ ግን የሚነካውና የሚገፋው አንቀሳቃሽ ያስፈልገዋል፤ ግፊቱ ሲቋረጥ እንቅስቃሴውም ይቋረጣል። ይህ አባባል ከዕለታዊ ልምድ ጋር የሚስማማ ነው። በሬዎቹ ሲቆሙ ማረሻው ይቆማል፤ ፈረሱ ሲቆም ጋሪውም ብዙ ሳይርቅ ይቆማል። አስቸጋሪ የነበረው ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚበረው ድንጋይ ጉዳይ ነው። የወረወረው እጅ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ድንጋዩ ግን ይሄዳል። አርስቶትል ለዚህ የሰጠው መልስ፣ በወርዋሪው የተንቀሳቀሰው አየር ድንጋዩን እየገፋ ይወስደዋል የሚል ነበር።

በ6ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን መልስ አልተቀበለም። ገፊው አየሩ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩን በእጅ መንካት ባላስፈለገ፣ ከበስተኋላው ያለውን አየር ማናወጥ ብቻ በበቃ ነበር ሲል ተከራከረ። በእርሱ አስተያየት ወርዋሪው ኃይልን የሚያሳድረው በድንጋዩ በራሱ ላይ ነው። ክብደታቸው በእጅጉ የሚለያይ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ሲለቀቁ፣ መሬት በሚደርሱበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት መሆኑንም ጽፏል። በ14ኛው መቶ ዓመት የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዣን ቡሪዳን ተመሳሳዩን አሳብ አጠናክሮ፣ በተወርዋሪው ላይ ለሚያድረው ኃይል «ኢምፔቱስ» የሚል ስም ሰጠው። መጠኑ በነገሩ ቁስ ብዛትና በፍጥነቱ የሚወሰን መሆኑን አስተማረ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ በቦታው ሆኖ የሚሽከረከር ጎማ ነው። ጎማው ቦታውን ስለማይለቅ ከኋላው ገብቶ የሚገፋው አየር የለም፤ ሆኖም እጅ ከለቀቀው በኋላም መዞሩን ይቀጥላል። ፈታይ በጭኗ ላይ አሹራ የለቀቀቻት እንዝርትም ለዚሁ ክርክር ምስክር ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ «ኃይሉ አለቀ» የሚለው ተማሪ አሳቡ ለፊሎፖኖስና ለቡሪዳን የቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ አስተሳሰብ ቋንቋውም የራሱን ድጋፍ ይሰጣል። በዕለታዊ አማርኛ «ኃይል» እና «ጉልበት» በሰው ወይም በነገር ውስጥ የሚያድሩ፣ የሚጨመሩና የሚያልቁ ሀብቶች ሆነው ይነገራሉ። በፊዚክስ ግን ኃይል አንድ አካል በሌላው ላይ የሚፈጽመው ድርጊት እንጂ በአካሉ ውስጥ የተጠራቀመ ስንቅ አይደለም።

ይህን ልዩነት ለማየት የጥያቄው አቀራረብ መለወጥ ነበረበት። ለውጡን ካመጡት መካከል ዋነኛው ከ1564 እስከ 1642 የኖረው ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ነው። በ1638 በሌይደን ከተማ በታተመው መጽሐፉ፣ ርዝመቱ 12 ክንድ ያህል የሆነ ቦይ የተሠራለት እንጨት አዘንብሎ የነሐስ ኳስ እንዳንከባለለና፣ ጊዜውን ከዕቃ በቀጭኑ እየፈሰሰ በሚጠራቀም ውኃ ክብደት እንደለካ ገልጿል። ኳሱ የተጓዘው ርቀት ከጊዜው ስኴር ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም አልፎ፣ ከአንድ ቁልቁለት የወረደ ኳስ ሰበቃ ባይኖር ከፊቱ ያለውን ዳገት እስከ ተነሣበት ከፍታ ድረስ እንደሚወጣ አመለከተ። የዳገቱ ቁመት ሳይለወጥ ተዳፋቱ እየለዘበ በሄደ ቁጥር የሚጓዘው ርቀት ይረዝማል። ዳገቱ ፈጽሞ ሜዳ ቢሆንስ? ኳሱን የሚያቆም ምክንያት አይኖርም። በዚህም «የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ «የሚያቆመው ምንድን ነው?» ወደሚለው ተለወጠ።

ፈረንሳዊው ረኔ ዴካርት በ1644 ይህ እንቅስቃሴ በቀጥታ መስመር የሚቀጥል መሆኑን አስረግጦ ጻፈ። አይዛክ ኒውተንም በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ አሳቡን የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ አድርጎ ደነገገው። ይሁንና ኒውተን ራሱ ኢነርሺያን ሲተረጉም «ኃይል» በሚለው ቃል መጠቀሙ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከአርስቶትል እስከ ኒውተን 2,000 ዓመት ያህል የፈጀው አስተሳሰብ አዲሱን ሕግ በደነገገው ሊቅ ቋንቋ ውስጥ እንኳ አሻራውን ትቶ ነበር።

ጉዳዩ በሊቃውንት ታሪክ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በፈረንሳይ ሎራንስ ቪዬኖ በ1979፣ በአሜሪካ ጆን ክሌመንት በ1982 ያወጧቸው ጥናቶች ይኸው አሳብ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ዘንድ ሥር የሰደደ መሆኑን አሳይተዋል። ክሌመንት ወደ ላይ በተወረወረ ሳንቲም ላይ፣ በመውጣት ላይ ሳለ፣ የሚያርፉትን ኃይሎች በቀስት እንዲያመለክቱ የምሕንድስና ተማሪዎችን ጠየቀ። የአየሩ ተቃውሞ ከተተወ መልሱ ወደ ታች የሚስበው የመሬት ስበት ብቻ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ወደ ላይ የሚገፋ ሌላ ኃይል ጨመሩ፤ የሜካኒክስ ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላም ብዙዎች ከዚሁ አሳብ አልተላቀቁም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ተማሪ ኃይል የመጠነ ቁስና የሽምጠጣ ብዜት መሆኑን ሸምድዶ ሒሳቡን በትክክል ሊሠራ፣ ፈተናውንም ሊያልፍ ይችላል፤ ስለ ኳሷ ያለው እምነት ግን ሳይነካ ይቀራል። መምህሩ የተሳሳተውን መልስ ከመሰረዙ በፊት ምክንያቱን መጠየቅና ከተቃራኒ ማስረጃ ጋር ማጋጠም ይጠበቅበታል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንዲት ብይ ከአንድ ከፍታ እየተለቀቀች በአሸዋ፣ በሰሌንና በለሰለሰ ሲሚንቶ ላይ ብትንከባለል፣ ሰበቃው ሲቀንስ ርቀቱ እንደሚጨምር ተማሪው በዓይኑ ያያል። የጋሊሊዮን ጥያቄም ራሱ ሊጠይቀው ይችላል።

የትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎችም ለመጀመሪያው ሕግ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነግሮ የሚታለፍ ትርጓሜ ሳይሆን ለክርክርና ለሙከራ የሚበቃ ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል። ፈተናዎች ከስሌት ሌላ በአካሉ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች በሥዕል ማመልከትን ቢጠይቁ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም የሳንቲሙ ጥያቄ በቅድሚያ ለሠልጣኙ ለራሱ ቢቀርብ ተገቢ ነው። የሰው ልጅ በ2,000 ዓመት የተሻገረውን ወንዝ ተማሪው በአንድ የትምህርት ዓመት እንዲሻገር የሚጠየቅ ከሆነ፣ ድልድዩን መሥራት የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ኃላፊነት ነው።