መሃሉ የሞተበት ፍቅር፦ የ«ሳይካኖ» ማንጋ ሰባተኛ ቅጽ ከሆሳዕና ሲነበብ

የሆካይዶ ተወላጅ የሆነው ጃፓናዊ ሠዓሊ ታካሃሺ ሺን «ሳይሹ ሄይኪ ካኖጆ» የተሰኘውን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) እ.ኤ.አ. በ2000 «ቢግ ኮሚክ ስፒሪትስ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ጨረሰው፤ ሾጋኩካን ማተሚያ ቤትም በሰባት ቅጽ አሳተመው። አንባቢዎቹ አሳጥረው «ሳይካኖ» ይሉታል። ታሪኩን ላልሰማው ሰው ሲነግሩት ቀልድ ይመስላል። ሹጂና ቺሴ በአንዲት የሆካይዶ ከተማ የሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ቺሴ ትንሽ ሰውነት ያላት፣ ቀርፋፋ፣ ነገር በመጣ ቁጥር ይቅርታ የምትል ልጅ ናት። ሹጂ ደግሞ ልቡ ደግ፣ አፉ ክፉ ነው። መጠናናት ይጀምራሉ፤ ፊት ለፊት መነጋገር ስለሚያፍሩ አንድ ደብተር እየተቀባበሉ ይጻጻፋሉ። አንድ ቀን ሳፖሮ በቦምብ ስትደበደብ ሹጂ ከጀርባዋ የብረት ክንፍ የወጣላትን ፍቅረኛውን በፍርስራሹ መሃል ያገኛታል። የአገሪቱ ጦር የመጨረሻ መሣሪያው አድርጓታል። ለምን እሷ እንደተመረጠች፣ ጠላቱ ማን እንደሆነ፣ ጦርነቱ በምን እንደተነሣ ሰባቱም ቅጾች አይናገሩም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ሰባተኛው ቅጽ ነው። ምድር ታልቃለች። ቺሴ ሰውነቷን ጨርሳ ታጣና በጠፈር የምትጓዝ መርከብ ትሆናለች፤ በውስጧ በሕይወት ያለው ሹጂ ብቻ ነው። እስከዚያ ተከታታዩን በትዕግሥት የተከተለ አንባቢ የጦርነቱ ምስጢር መጨረሻ ላይ ይፈታል ብሎ ጠብቆ ከሆነ ባዶ እጁን ይቀራል።

በጃፓን ከ2002 ገደማ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሥራዎች «ሴካይ-ኬይ» በሚል መጠሪያ ተመደቡ። አብረው የሚጠቀሱት የሺንካይ ማኮቶ «ሆሺ ኖ ኮኤ» የተባለው አጭር አኒሜሽንና የአኪያማ ሚዙሂቶ «ኢሪያ ኖ ሶራ» ልቦለድ ናቸው። የመደቡ መለያ ይህ ነው፦ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ ፍቅር ከዓለም ጥፋት ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ኅብረተሰብ፣ መንግሥትም ሆነ ጎረቤት፣ የለም። አዙማ ሂሮኪን የመሰሉ ሐያስያን ይህን መሃል ማጣት የዘመኑ ምልክት አድርገው መረመሩት። ኡኖ ጹነሂሮ ደግሞ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ትውልድ ራሱን የሚያጽናናበት ነው ብሎ ከረር ባለ ቃል ተቸው።

የእኔ ክርክር ከዚህ ይለያል። በ«ሳይካኖ» መሃሉ ከመጀመሪያው የለም ማለት ተከታታዩን ከመጨረሻው ቅጽ ወደ ኋላ ማንበብ ነው። በቅደም ተከተሉ ላነበበው ሰው መሃሉ ነበረ፤ በየቅጹ አንድ በአንድ ይሞታል። ሰባተኛው ቅጽ የቀብሩ ማግሥት ነው። ይህን ለማየት ሆሳዕና መልካም ቦታ ናት።

በሐድያና በከንባታ ከተሞች ሁለት ወጣቶች ተዋደዱ ማለት ነገሩ ገና ተጀመረ ማለት ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይጠየቃሉ። ሙሉ ወንጌልም ሆነ ቃለ ሕይወት፣ መካነ ኢየሱስም ሆነ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም፣ ጋብቻን ሳያይ የሚያልፍ የእምነት ቤት የለም። የአባት ወንድም አስተያየት አለው፤ በዕድር አብራ የምትቀመጥ ጎረቤትም አላት። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆና፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየካፌው ሞልቶ፣ ፎቁ በፎቅ ላይ ቢደራረብም ይህ አልቀረም። በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ማንጋ በስልኩ የሚያገላብጥ የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ልጅ «ሳይካኖ»ን ሲከፍት መጀመሪያ የሚገርመው የብረት ክንፉ ላይሆን ይችላል። የሹጂና የቺሴ ወላጆች በጓዳ ብቅ ብለው የሚጠፉ ጥላዎች መሆናቸው ነው። ልጃቸው መሣሪያ ስትሆን የት ነበሩ? ሽማግሌ ሰብስቦ የጦሩን አዛዥ የሚጠይቅ እንዴት አንድ ሰው ጠፋ? ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ የጃፓን ሐያስያን በከባድ ቃላት የጠየቁት ግን ይህንኑ ነው።

ነገር ግን የእኛም መሃል እየሳሳ መሆኑን መሸሸግ አይቻልም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከሐድያና ከከንባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት ብዛት የአካባቢውን ገጽታ ቀይሮታል። መንገዱ በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከዚያ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የደረሰው በጆሃንስበርግ «ጄፒ» በሚባለው ሰፈር ዕቃ ይረከባል፣ ወይም «ሎኬሽን» ወጥቶ በጥቁሮቹ መኖሪያ መንደሮች ሱቅ ይከፍታል፤ ያልደረሰው በመንገድ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢኳ ቴቴ አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ ታፍነው የተገኙት 64 አስከሬኖች የኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በሕይወት የወጡት 14 ብቻ። ለጉዞው በሬ የሚሸጠው፣ መሬት የሚያስይዘው፣ ገንዘብ የሚያዋጣው ቤተሰብ ነው። ሚስትም ብዙ ጊዜ የምትመረጠው በቤተሰብ ነው፤ ፎቶ ይላካል፣ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ሙሽራው በስልክ ይሰማል፣ ሙሽሪት በአውሮፕላን ትከተላለች። እዚህ መሃሉ እንደተለመደው ወፍራም ነው፤ የጎደሉት ፍቅረኞቹ ናቸው። ከ«ሳይካኖ» ጋር ሲነጻጸር መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ግልባጭ ነው፤ እዚያ ሁለቱ ቀርተው መንደሩ ያልቃል፣ እዚህ መንደሩ ቀርቶ ሁለቱ በየፊናቸው ናቸው።

በዚህ ረገድ የሺንካይ «ሆሺ ኖ ኮኤ» ይበልጥ ይቀርበናል። ርዝመቱ 25 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ሺንካይ አብዛኛውን ብቻውን በቤት ኮምፒውተር ነው የሠራው። ልጅቷ በጠፈር መርከብ ስትርቅ ለልጁ በሞባይል አጭር መልእክት ትልካለች፤ ርቀቱ በጨመረ መጠን መልእክቱ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከቀናት ወደ ወራት፣ መጨረሻ ላይም ወደ ስምንት ዓመት ይዘልቃል። ኢሞ ላይ የወንድሟን ድምፅ ስትጠብቅ ያመሸች የሆሳዕና እኅት ይህን ለመረዳት የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልጋትም። ሥራው ግን አጭር ነውና መሃሉ ሲሞት የማሳየት ጊዜ የለውም። ታካሃሺ ሰባት ቅጽ ነበረው።

ያንን ቦታ እንዴት እንደተጠቀመበት እንይ። አኬሚ የቺሴ የልብ ጓደኛ ናት፤ ሹጂን በልቧ ትወደዋለች፣ ለጓደኛዋ ስትል ግን ዝም ትላለች። አጹሺ የሹጂ ጓደኛ ሲሆን አኬሚን ይወዳል፤ እሷን ለመጠበቅ ብሎም ወታደር ይሆናል። አኬሚ ግን የምትሞተው ከግንባር ርቃ፣ በምድር መንቀጥቀጥ ቆስላ፣ በገዛ ቤቷ ነው። ሹጂ አጠገቧ ተቀምጧል፤ የሆነችውን እንዳያይ ትለምነዋለች፣ ዝም ያለችበትንም ነገር በመጨረሻ ትነግረዋለች። በእኔ ግምት ከሰባቱ ቅጾች ትልቁ ትዕይንት ይህ ነው፣ የጠፈሩም መርከብ አይስተካከለውም። ታካሃሺ እዚህ ላይ ሥዕሉን ያራቁተዋል፤ መስመሩ ይቀጥናል፣ ከጀርባ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋና ነጭ ወረቀት ላይ ፊት ብቻ ይቀራል። ቦምብና አውሮፕላን በብዙ ቀለም የሚሥለው ይኸው እጅ ሞትን በባዶ ቦታ ነው የሚሥለው። አጹሺ ሊጠብቃት የዘመተው ለዚህች ልጅ ነበር።

ከዚያ ቴጹ አለ፤ ቺሴን በግንባር እንደ ታላቅ የሚንከባከባት ወታደር። ሚስቱ ፉዩሚ በአንድ ወቅት የሹጂ የመጀመሪያ ፍቅር ነበረች፤ ባሏ ሲዘምት ብቸኝነቱ ወደ ሹጂ ይመልሳታል። ይህ አራትዮሽ መጠላለፍ በመጽሔት ለሚወጣ ተከታታይ የተለመደ ማንጠልጠያ ሊመስል ይችላል፣ በከፊልም ነው። ቴጹ ሲሞት ግን ማንጠልጠያው ይበጠሳል። ደራሲው ሁለቱን ፍቅረኞች ከሌሎች ሰዎች ጋር ያሰሩትን ገመዶች እየቆጠረ እንደሚቆርጥ አንባቢ ያኔ ይገባዋል።

ወደ ማብቂያው ቺሴና ሹጂ ከከተማቸው ጠፍተው በባሕር ዳር ያለች ትንሽ ቦታ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንደ ባልና ሚስት ይኖራሉ። እሱ በዓሣ ወደቡ ይሠራል፣ እሷ በራመን ቤት ታስተናግዳለች። አሠሪ አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው፣ ሰው ስማቸውን ጠርቶ ሰላም ይላቸዋል። የተገደለው መሃል በትንሹ ነፍስ የዘራበት ክፍል ይህ ነው፤ ታካሃሺ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ እንደሚያውቅ የሚያረጋግጠውም ይኸው ነው። ሳህን እያቀረበች ደንበኛ የምታስተናግድ ቺሴ በሰባቱም ቅጾች ከምናያት ሁሉ ይልቅ ሰው ናት። ግን አካሏ እየከዳት፣ ትዝታዋ እየተሸረሸረ ነውና አይቆይም።

የሆሳዕና አንባቢ ስለ ዓለም ፍጻሜ አዲስ አይደለም። በየእሑዱ የራእይ መጽሐፍ የሚሰበክበት ከተማ ነው፤ የወንጌላውያን ሚሲዮኖች ወደ ሐድያና ከንባታ ከመጡ ወደ መቶ ዓመት ተጠግቷል። እዚያ የሚጠበቀው ፍጻሜ ግን ዳኛ አለው፤ የተበደለ ይካሳል፣ የበደለ ይጠየቃል። የታካሃሺ ፍጻሜ ማንንም አይጠይቅም። ይባስ ብሎ ምድር እየሞተች ባለችበት ሰዓት የቀሩትን ሰዎች ከሥቃይ ለመገላገል ሞታቸውን የምታፋጥነው ቺሴ ራሷ ናት። የፍርዱን ወንበር ያለ ፍርድ ትይዛለች። ብዙ አንባቢዎች ይህን የፍቅር ጥግ አድርገው ያነቡታል፤ ለእኔ ግን የሥራው ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። የሞቱት ሰዎች ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም፤ እኛም ፊታቸውን አላየንም። ለአኬሚ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠ ደራሲ ለቀረው የሰው ዘር አንድ ገጽ እንኳ ነፈገ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ማነጻጸሩ አይቀርም። በሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድም ፍቅር ወደ ሞት ያመራል፤ ሰብለ ወንጌል በዛብህ ዘንድ የምትደርሰው ሊሞት ሲል ነው። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያ መጽሐፍ ሁለቱን የሚያጠፋው መሃሉ ራሱ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትዕቢት፣ የገባሩና የጌታው ሥርዓት፣ የእናት ስለት። ሐዲስ ገዳዩን ሥርዓት በስሙ ይጠራዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር በሙሉ ተሰብስቦ ያዳመጠው ያን ሥርዓት ስለሚያውቀው ጭምር ነው። ታካሃሺ ገዳዩን ስም አይሰጠውም። ስም አለመስጠቱ በመጀመሪያዎቹ ቅጾች ያስፈራል፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ጦርነት እንዲያ ነው፣ ማን እንደተኮሰ ሳይታወቅ ጎረቤት ይሞታል። በሰባተኛው ላይ ሲደርስ ግን ያው ዝምታ ማምለጫ ይሆናል።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። ተራኪው ከሞላ ጎደል ሹጂ ነው። የተቆረሰው የቺሴ ሰውነት፣ የሚለቀሰው በሹጂ ዓይን። የቺሴን ሐሳብ በራሷ ቃል የምናገኘው በተለይ በዚያ በሚቀባበሉት ደብተር ላይ ነው፤ እዚያም የምትጽፈው ስለ ጦርነቱ ሳይሆን በመንገድ ላይ ስላየችው ነገር፣ ስለ ክብደቷ፣ ሹጂ ስለተቆጣበት ምክንያት ነው። በአገራችን ለጋብቻ የሚቀመጥ ሽማግሌ ቢያንስ በወጉ «ልጅቷስ ምን ትላለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሁልጊዜ ይሰማል ማለቴ አይደለም።

ታካሃሺም ጥያቄው እንዳልተዘጋ የተረዳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «አናዘር ላቭ ሶንግ» የተባለው ተጨማሪ የአኒሜሽን ሥራ ታሪኩን ወደ ቺሴ ወገን አዙሮ ከእሷ በፊት መሣሪያ ከተደረገች ሚዙኪ ከምትባል የጦር መኮንን ጋር ያገናኛታል። በ2006 ደግሞ ታካሃሺ ራሱ የዚያው ዓለም ተቀጥላ ታሪኮች ስብስብ አሳተመ። ከሹጂና ከቺሴ ዞር ብሎ በዚያው ጦርነት ውስጥ ስለኖሩ ሌሎች ሰዎች ይተርካል። ተከታታዩ ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሰባተኛው ቅጽ ፊታቸውን ያላየናቸው ሰዎች በመጨረሻ ገጽ አገኙ።