ወንጌል በሐይቅ ዳር

ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነሥቶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ፣ ከዚያም በሰሜኑ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ በሐይቅ ውሃ ዳር የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያገኛል። ቦታው ቀድሞ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ በእግር ይገባበታል። ቅዱሳት መጻሕፍት ለክርስቲያን ሕይወት ምን ይጠቅማሉ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ ሊቃውንቱ ከሐዋርያትና ከአበው ቃል እየጠቀሱ የሚሰጡት መልስ ብዙና ጥልቅ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ መልሱን የምፈልገው የወሎ አባቶች መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ምን እንደ ሠሩበት ከሚናገረው ታሪክ ውስጥ ነው።

የገዳሙ ትውፊት የመጀመሪያውን ምሥረታ ወደ 9ኛው መቶ ዓመት ቢያደርሰውም፣ የሐይቅ ስም በመላ ኢትዮጵያ የገነነው፣ በዳህና ተወልደው በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ምንኵስናን የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ወደዚህ ከመጡ በኋላ ነው። በ1241 ዓ.ም. ገደማ አበ ምኔት ሆነው እስከ ዕረፍታቸው ከ40 ዓመት በላይ ሲያገለግሉ፣ ገዳሙን የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን የመጻሕፍትና የትምህርት ቤት አደረጉት፤ የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ተክለ ሃይማኖትና በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት አባ ሂሩተ አምላክ ከዚህ ጉባኤ የወጡ ናቸው። የሐይቁ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በነገሥታቱ ዘንድ የነበረው ሥልጣን እጅግ ከፍ ያለ ነበረ፤ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም የእነዚህን አበ ምኔቶች ታሪክ አጥንተው ጽፈዋል። ነገር ግን ሥልጣኑ ከዘመኑ ጋር ሲያልፍ፣ በደቀ መዛሙርቱ በኩል ወደ ሸዋና ወደ ጣና የተዘራው ትምህርት ሳይነቀል ቀርቷልና፣ የኢየሱስ ሞዐን ታላቅነት ስመዝን ከቤተ መንግሥቱ ክብር ይልቅ ጉባኤውን አስቀድማለሁ።

እኒህ አባት በ1273 ዓ.ም. ለገዳማቸው የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። አንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚወለድ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። የፍየሉ ቆዳ ታጥቦ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ፣ ደርቆና ለስልሶ ብራና ይሆናል፤ መስመሩ ቀለም በሌለው በወስፌ ጫፍ ይሰመራል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ተበጥብጦ፣ ቀዩ ደግሞ ለቅዱሳት ስሞችና ለአርእስት ተለይቶ ይዘጋጃል፤ ጸሐፊውም ከመቃ በተቀረጸ ብዕር እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው አቁሞ ይጽፋል። ሲፈጸምም በእንጨት ገበታ ተጠርዞ፣ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ገብቶ፣ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ለአንድ ወንጌል የብዙ ፍየል ቆዳ፣ የአንድ ሰውም የብዙ ወራት ድካም የሚጠይቅ በመሆኑ፣ መጽሐፍን ለገዳም መስጠት ርስት ከመስጠት የማያንስ ምጽዋት ሆኖ መቈጠሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚሁ ወንጌል ገጾች ላይ ከጌታ ቃል ጋር አብሮ የገዳሙ ኑሮ ተጽፎበታል፤ ኢየሱስ ሞዐ ለቤቱ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር የሚገኘው በዚያ ነው፤ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የመጻሕፍት መዝገቦችም ከጥንቶቹ አንዱ ነው። በየአድባራቱ የነበረውም ልማድ እንዲሁ ነው፤ የተሰጠ ርስት፣ የተሰጠ ንዋየ ቅድሳት፣ የተሠራ ሥርዓት ሁሉ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ይጻፍና፣ የሰረቀው ወይም የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይታከልበታል። የሀገሬው ሰው በወንጌል ሲምልና ሲዋዋል የኖረውም በዚሁ መንፈስ ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል ባለበት ገጽ ላይ ሐሰት መጻፍ እጅግ የሚያስፈራ ድፍረት ነበርና፣ ማኅተምና መዝገብ ቤት ባልነበረበት ዘመን ወንጌሉ ራሱ ማኅተምም መዝገብም ሆኖ አገልግሏል።

ይህ ሁሉ ክብር ግን ቃሉ ስለሚሰማና ስለሚኖርበት የመጣ ነው። ቃሉን መስማት የሚጀምረው ከሕፃኑ ነው። ሕፃኑ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደሉን ከለየ በኋላ፣ በዮሐንስ መልእክት ንባብን ይጀምራል፤ ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን እየለየ፣ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ እያለፈ፣ ዳዊት እስኪደግም ድረስ በየኔታ ጆሮ ይፈተናል፤ አንድ ቃል ጥሎ ቢያነብ ይመለሳል እንጂ አይታለፍም። ከዚያ ወዲያ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየመንደሩ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ እየለመነ፣ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ በመጨረሻም ትርጓሜውን ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ይዞራል፤ ለቅኔው የወሎዋ ዋድላ ስሟ ከሩቅ የሚጠራ ናት። በመጽሐፍ ቤት ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን የሚተረጕሙት መምህር አንዱን ቃል አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው እያሉ ሲያወርዱት፣ ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል። ብዙ ዘመናውያን ይህን በቃል የመያዝ ልማድ ሲነቅፉት እሰማለሁ፤ ነገር ግን መጽሐፉ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ቃሉ በሰው ልብ ውስጥ እንዲተርፍ ያደረገው ይኸው ልማድ መሆኑን ለማመን፣ የዚህችን ሀገር የጦርነት ታሪክ መመልከት ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅ ድረስ መጥቶ የገዳሙን ሀብት ወስዷል፤ ወንጌሉም ትምህርቱም ግን ተርፈዋል።

ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና ባልቴቷም ከቃሉ አልራቁም። በቅዳሴ ጊዜ ከጳውሎስ፣ ከሐዋርያት መልእክታትና ከሐዋርያት ሥራ ተነቦ፣ የዳዊቱ ምስባክ ተዚሞ፣ ወንጌሉ በመብራት ታጅቦ ሲወጣ፣ ምእመናን ሁሉ ተነሥተው ይሰሙታል፤ በዓመቱ ዙሪያ ይህን የሰማ ሰው፣ ገጹን መግለጥ ባይችልም፣ የጌታን ምሳሌዎች በየቦታው አስታውሶ ጎረቤቱን ያስታርቅበታል።

መጽሐፍ ከዚህ ሰሚ ጉባኤ ሲለይ ምን እንደሚሆን የምታሳየው መቅደላ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ አምባ ላይ ሊሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አንድ ሺህ ያህል የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋቸው፤ ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ በጨረታ ተሸጠ፤ ከመጻሕፍቱም 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው መጽሐፉ ተመልሶላቸዋል፤ የቀሩት ግን እስከ ዛሬ በለንደን አሉ። እንግሊዞቹ መጻሕፍቱን በጥንቃቄ እንዳስቀመጧቸው አልክድም፤ ሆኖም ለመቅደስ የተጻፈ ወንጌል ዲያቆን ሳያነበው፣ ሕዝብ ሳይሳለመው በመደርደሪያ ላይ መኖሩ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመቅደላ በኋላ ዐሥር ዓመት ቈይቶ፣ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን ባለችው በቦሩ ሜዳ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ ቅብዐቱ ተከራከሩ። በሁለቱም ወገን ዳኛ ሆኖ የቀረበው መጽሐፍ ነበረ፤ የተዋሕዶው ትምህርት ጸንቶ፣ ለክርስቶስ ሦስት ልደት የሚቈጥረው የሦስት ልደት ባህል ተሻረ። ብዙ ዘመን አድባራቱን ሲከፋፍል የኖረ ጠብ በመጽሐፍ ጥቅስ ፊት መቅረቡ መልካም ነበር። ከዚያው ጉባኤ በኋላ ግን የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ በዐዋጅ መገደዳቸው፣ ብዙ ሰው ከቀዬው ማሳደዱና ደም ማፍሰሱ፣ ወንጌል ያላዘዘው ሥራ ነበር፤ ወንጌል የሚሰበክና የሚሰማ እንጂ በጦር የሚጫን አይደለም። ያን ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት መሐመድ ዓሊ ኋላ ደሴን መቀመጫቸው አድርገው ነግሠዋል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም በአንድ ሰፈር የመስጊዱን አዛንና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አብሮ እየሰማ፣ በሐዘንም በሠርግም ሳይለያይ ይኖራል፤ ይህም የወሎ ክብር ነው።

እስካሁን ያነሣሁት የግእዙን መጽሐፍ ነው፤ በአማርኛ የመጣው መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክም አጭር አይደለም፤ ለዚህ ነገር የሚበቃውን ብቻ ልጥቀስ። መነኩሴው አባ አብርሃም፣ አቡ ሩሚ የሚባሉት፣ በካይሮ ተቀምጠው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተረጐሙት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 ሙሉው ታተመ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተዘጋጀው ትርጉምም በ1954 ዓ.ም. ወጣ። እነዚህ የታተሙ መጻሕፍት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛም፣ የደሴ ተማሪም በቤቱ ቁጭ ብሎ በራሱ ዐይን እንዲያነብ አስችለዋል፤ ኢየሱስ ሞዐ ቢያዩት ኖሮ ይደሰቱበት ነበር ብዬ አስባለሁ።

የሐይቁ ወንጌል በ1960ዎቹ በማይክሮፊልም ተነሥቷል፤ በየገጠሩ ደብር ማኅደር ውስጥ ያሉት ብዙ ብራናዎች ግን ዛሬም በእርጥበትና በምስጥ ይጎዳሉ፣ በሌባም ይወሰዳሉ። ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ሆይ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ፤ በየደብራችሁ ያለውን ብራና ከካህናቱ ጋር ሆናችሁ በዝርዝር መዝግቡ፣ ጣሪያው እንዳያፈስ ለሚያሳድሱት አበርክቱ፣ ለሻጭና ለገዢም በር አትክፈቱ፤ ልጆቻችሁንም ወደ የኔታ ላኩ፣ በቤታችሁ ያለውንም የአማርኛ መጽሐፍ በየማታው አብራችሁ አንብቡ።