ከሳንባ ምች ወደ ልብ፦ የሲአርፒ ምርመራ ታሪክ

ከሚሴ በሠራሁባቸው ዓመታት የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው በአማርኛም በኦሮምኛም “ዶክተር፣ ልቤን አሞኛል ማለት ነው?” የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ከኮሌስትሮል ጎን ሲአርፒ የሚባል ምርመራ አለ፤ “ከፍ ያለ” ይላል። የዚህን ምርመራ አመጣጥ ማወቅ ለመልሱ ስለሚጠቅም ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲአርፒ መጀመሪያ የታወቀው በልብ ሕመምተኞች ላይ አይደለም። በ1930 ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ኢንስቲትዩት፣ ሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ አገኙት። በሽተኛው ሲያገግም ይጠፋል። በዚህም የተነሳ ለረጅም ዘመን የኢንፌክሽን ምልክት ሆኖ ኖረ።

የልብ ጥናት በበኩሉ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በ1948 በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ሰዎችን መከታተል ተጀመረ። ደም ግፊትና ኮሌስትሮል የልብ ደም ሥር በሽታን ቀድመው እንደሚጠቁሙም ከዚያ ተማርን። ግን ኮሌስትሮሉ ደህና የሆነ ሰውም ይታመማል። በ1997 ሪድከርና ባልደረቦቹ፣ ጤነኛ ከነበሩ አሜሪካውያን ሐኪሞች መካከል ሲአርፒያቸው ከፍ ያለው ቆይቶ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ እንደተጋለጡ አሳዩ። ምክንያቱ አለው፤ ደም ሥር ሲደነድን ግድግዳው ውስጥ ውስጡን ይቆጣል።

ከሚሴ ግን የቦርከና ሸለቆ ከተማ ናት፤ ወባ አለ። ከዳዋ ጨፋ አተኩሶት የመጣ ገበሬ ሲአርፒው ቢሰቀል ስለ ልቡ የነገረን ነገር የለም። የአሜሪካ ልብ ማኅበር ራሱ በ2003 ባወጣው መመሪያ፣ ውጤቱ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ ኢንፌክሽን ይፈለግ፣ ምርመራውም ይደገም ብሏል።

በ2019 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ደም ሳይወሰድ የሚሠራበት የልብ ሥጋት ሠንጠረዥ አወጣ። የሚጠይቀው ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ ማጨስ፣ የደም ግፊት፣ ክብደትና ቁመት ብቻ ነው። ይሄ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ይቻላል።

ሲአርፒ ከንቱ ነው አልልም። የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ ለተማሪዎቻችሁ ቁጥሩን ስትነግሯቸው አመጣጡንም ንገሯቸው። ማኅበራችን ለጤና ጣቢያዎች ዕቃ ሊያሰባስብ ከተነሳ ደግሞ የእኔ ድምፅ በቅድሚያ ለደም ግፊት መለኪያ ነው።