ጠገራ ብር ሲመረመር

ጠገራ ብር ላይ የተቀረጸው 1780 ስለ ብሩ ዕድሜ የሚነግረን ጥቂት ነው። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያ ዓመት ነው (ሌላ ካልተባለ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መልካቸውን የያዘው ብር ግን እሳቸው ካለፉም በኋላ መታተሙን ቀጠለ። ነጋዴው የለመደው መልክ እንዳይለወጥበት ሲባል ዓመቱም ባለበት ቆመ። እንግሊዞች በ1868 መቅደላ ላይ ሲዘምቱ ለስንቅና ለጭነት የሚከፍሉትን ጠገራ ብር ከቪየና አዝዘዋል። ሙሶሊኒ በ1935 የማተሙን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ። ብዙ ሳይቆይ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ ተከተሉ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ቦምቤይ። ሁሉም 1780 ብለው ነው ያተሙት። ስለዚህ ከአያቱ የወረሰውን ጠገራ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» የሚል ሰው የያዘው ምናልባት በ1941 አርበኞችንና የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ በግመል ጎጃም የገባውን ብር ይሆናል።

ዓመቱ የማይረዳ ከሆነ የሚቀረው ብሩን ራሱን ማየት ነው። በዚህ ረገድ የድሮው ገበያተኛ ከብዙዎቻችን ይሻል ነበር። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች ሁኔታውን በመገረም፣ አንዳንዴም በምሬት ጽፈውታል። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ያገላብጣል። እቴጌይቱ ትከሻቸው ላይ ያደረጉትን ጌጥ አይቶ በዙሪያው ያሉትን ዘጠኝ ሉሎች ይቆጥራል። ግንባራቸው ላይ ያለውን ጌጥ ይመለከታል፤ ከምስሉ ግርጌ ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ መለየታቸውን ያረጋግጣል። አንዱ ከጠፋ ብሩን ይመልሰዋል። ፊደላቱ ጉንዝቡርግ በተባለችው የጀርመን ከተማ የነበሩ የሁለት የማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ መሆናቸውን ያ ገበያተኛ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም ነበር። ተጓዦቹ ይህን እንደ ግትርነት ቆጥረውት ነበር፤ እኔ ግን አልስማማም። ሉሉ የተፋቀበት ብር ክብደቱም ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ሉሉ የተድበሰበሰበት ደግሞ በአሸዋ ቅርጽ ተቀድቶ የተሠራ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በአንድ እይታ ሁለቱንም ይመረምር ነበር።

ዛሬ ለዚሁ ሥራ ትንሽ ሚዛንና አጉሊ መነጽር ይበቃል። ትክክለኛው ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹህ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። በክር አንጠልጥለው ውሃ ውስጥ ቢመዝኑት ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም ይቀንሳል። ከዚህ ብዙ ከቀነሰ ውስጡ ከብር የቀለለ ሌላ ማዕድን አለ ማለት ነው። ማግኔት ብዙም አያስተማምንም፤ ብረትን ቢያጋልጥም ነሐስን ያሳልፋል። ከሁሉ በላይ ግን ጠርዙን ልብ ይበሉ። በእውነተኛው ብር ዙሪያ የእቴጌይቱ መፈክር፣ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ፣ ከአበባ ጌጥ ጋር ጎላ ብሎ ወጥቷል። ቀልጦ የተቀዳ ሐሰተኛ ብር እዚህ ላይ ይያዛል። ወይ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ወይ ሁለቱ ቅርጾች የተገጠሙበት መስመር ዙሪያውን ይታያል። ገጹም ላይ አየር ትቶት የሄደ ጥቃቅን ቀዳዳ አይጠፋም። በቸርችል ጎዳና ከሚገኙት የቱሪስት ዕቃ መሸጫዎች ጠገራ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ጠርዙን ቢያይ ይበጀዋል።

እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣው የደረጃ ጉዳይ ነው፤ ዓይን የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ብሎ የወጣው ክፍል ነው። በጠገራ ላይ ይህ ከጆሮ በላይ ያለው የፀጉርና የሻሽ እጥፋት፣ የትከሻው ጌጥ፣ በጀርባው ደግሞ የባለ ሁለት ራሱ ንስር ደረት ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው የደበዘዘ ሁሉ ያለቀ ሲመስለው ነው። ማተሚያው ሲያርጅ ወይም ምቱ ሲላላ፣ ከማተሚያ ቤት ዛሬ የወጣ ብርም ደረቱ ላባ አልባ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚነግርዎ ብርሃን ነው። ብሩን በጠርዙ ይዘው በአንድ አምፖል ሥር ቀስ ብለው ያዘንብሉት። ያልተነካ ገጽ ላይ ነጸብራቁ ከመሃል ወደ ዳር ተዘርግቶ አብሮ ይዞራል፣ በደበዘዘው ቦታ ላይም ሳይቋረጥ ያልፋል። በእጅ ያለቀ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል፤ ያ ቦታ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ ቁጥር የሰጠው አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን ነው፣ በ1949። ከ1 እስከ 70 የሚሄደውን መለኪያ ያወጣው ለአገሩ የጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ሲሆን ሐሳቡም 70 ያገኘው 1 ካገኘው ሰባ እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር። የዋጋው ስሌት ቶሎ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልተዘዋወረ ነው። ነጋዴዎች በ63 እና በ64 መካከል ያለችውን ልዩነት እንደ ሃይማኖት ክርክር ይዘዋታል፤ ተራ ሰብሳቢ ያን ያህል ቢያስጨንቀው አይገባኝም።

ሊያስጨንቀው የሚገባው የብሩ መጽዳት ነው። ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋሕዶ ቀስ በቀስ ይወይባል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ኋላ ሰማያዊና ጥቁር ይሆናል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ከሥሩ ያለውን ገጽ ሳይነካ ይሸፍነዋል። ሻጩ ግን ገዢ እንዲመርጠው ብሎ በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ይፈትገዋል። ብሩ ያበራል፣ አዎ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ገጹ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷል፣ ነጸብራቁም ጠፍቷል፣ ተመልሶም አይመጣም። እንዲህ ያለውን ብር ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች «የጸዳ» ብለው ያለ ቁጥር ይመልሱታል።

ጉዳቱ ይበልጥ የሚያስቆጨው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ብር ላይ ሲደርስ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ፓሪስ ላይ የታተመው ይህ ብር 28.075 ግራም ሆኖ የተሠራው ከጠገራ ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ታስቦ ነው። ከሥሩም አላድ፣ ሩብና ተሙን ነበሩ። ጠገራን ከገበያ አላስወጣም፤ የታተመውም በንጽጽር ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ግን ዓመቱ እውነት ይናገራል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በግዕዝ ቁጥር። ችግሩ ባለቀ ብር ላይ ዓመቶቹ መምታታታቸው ነው። ያኔ ከጀርባው ወዳለው አንበሳ ይሂዱ። የመጀመሪያው ቅርጽ ግራ የፊት እግሩን ያነሳ ነው፤ በኋላ የመጣው ቀኙን። ከፊት በኩል ቀድሞ የሚያልቀው የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድና ጆሮ አጠገብ ያለው ፀጉርና ጺም ነው፣ ከኋላ የአንበሳው ጋማ። ጋማው ክር በክር የሚቆጠርበት የምኒልክ ብር ካገኙ ዕድለኛ ነዎት፤ ብዙዎች ሳያገኙት ኖረዋል።

ስለ ተበየደበት ወይም ስለ ተበሳው ብርም ልናገር። በአገራችን ስንቱ ጠገራ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል፤ ሳይቀልጥ የተረፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንገት ጌጥ እንዲሆን ቀለበት ተበይዶበታል። በሰብሳቢ ዓይን ይህ ጉዳት ነው፣ ዋጋውም ይወድቃል፤ በእኔ ዓይን ግን ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ባንክ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ባለ 65 ጠገራ ይልቅ ይኸኛው የሚነበብ ታሪክ አለው። ቀለበቱን ነቅሎ የብየዳውን ጠባሳ በሞረድ ማለስለስ ደግሞ ዋጋውንም ታሪኩንም ማጥፋት ነው። የሚሸጥ ሰው ቢያንስ ጠገራውም የምኒልክ ብርም እያንዳንዳቸው 23.4 ግራም ገደማ ንጹህ ብር እንደያዙ ይወቅ፤ የቱንም ያህል ቢጎዳ ከዚያ ዋጋ በታች አይልቀቀው።